የሩቁ ሕፃንና የቅርቡ ሕፃን

ምጽዋት ከሃይማኖት ሥራዎች መካከል እጅግ የከበረች ስትሆን፥ ከሁሉ ይልቅ በቶሎ የምትበላሽም እርስዋ ናት። ጾምን የሚያበላሸው ሆድ ነው፤ ጸሎትን የሚያበላሸው የሐሳብ መባዘን ነው፤ ምጽዋትን የሚያበላሻት ግን እርስዋኑ የሚመስል ነገር ነው፤ እርሱም ሲመጸውቱ መታየትን መውደድ ነው። ጌታችን በተራራው ትምህርቱ ምጽዋት በስውር እንድትሆን ያዘዘው ስለዚህ ነው።

በዛሬው ገጻችን ልንመረምረው ያሰብነው በባሕር ማዶ ያሉትን ድኾች ሕፃናት ለመርዳት በክርስቲያን ማኅበር ስም ስለሚደረገው ጉዞ የተጻፈውን ነው። ጉዞውን ራሱን የሚመረምሩ ሌሎች አሉ፤ የእኛ ድርሻ የጽሑፉ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ጽሑፉና ጉዞው ተለያይተው አይኖሩም፤ ሰው አስቀድሞ በመጽሐፍ ያነበበውን ሕፃን ኋላ ወደ አገሩ ሄዶ ይፈልገዋልና። በልቡ ሥዕል ያልተሣለውን ሕፃን ግን ከፊቱ ቆሞ ሳለ እንኳ አያየውም። ስለዚህ የድርሰት ስሕተት በዚህ ነገር የድርሰት ስሕተት ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ሕፃን ከእናቱ እስከ መለየት ያደርሳል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

ለዚህ ምርመራ መነሻ የሚሆነን እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ ከ1852 እስከ 1853 በየወሩ እየከፈለ ያሳተመው «ብሊክ ሃውስ» የተባለው ልብ ወለድ ታሪክ ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ወይዘሮ ጄሊቢ የምትባል የሎንዶን ሴት አለች። እርስዋም ሌት ተቀን የምትደክመው በኒጄር ወንዝ ዳር ቦሪዮቡላ ጋ በተባለ፥ ደራሲው ፈጥሮ በሰየመው አገር የእንግሊዝ ቤተ ሰቦችን አስፍራ ቡና እንዲያለሙና ያገሩን ሰዎች እንዲያስተምሩ ለማድረግ ነው። ደብዳቤ ታጽፋለች፤ ስብሰባ ትጠራለች፤ ገንዘብ ታሰባስባለች። በዚህ መካከል የገዛ ልጆችዋ ሳይታጠቡና በወጉ ሳይበሉ ይውላሉ። ትንሹ ልጅዋ ራሱ በብረት አጥር ተቀርቅሮ ሲጮኽ የሚያወጡት እንግዶች ናቸው። ትልቋ ልጅዋ ጣቷ በቀለም ተበክሎ የእናትዋን ደብዳቤ ስትጽፍ ትውላለች። ባልዋም ዝም እንዳለ ከስሮ ይቀራል።

ከዚህም ይልቅ ልብን የሚወጋ ሌላ ስፍራ አለ። ጆ የተባለ፥ አባትም እናትም የሌለው ጐዳና ጠራጊ ልጅ አለ። ይህ ልጅ አንድ ቀን ጧት ቍራሽ ዳቦውን የሚበላው፥ ወንጌልን በባሕር ማዶ አገሮች የሚያስፋፋው ማኅበር ባሠራው ቤት ደረጃ ላይ ተቀምጦ ነው። ልጁ የቤቱን ትልቅነት ያደንቃል፤ ለምን እንደ ተሠራ ግን አያውቅም። ወንጌልን ለሩቅ ለማድረስ የተሠራው ቤት ደረጃው ላይ ለተቀመጠው አልደረሰም። ይህን ለማስረዳት ደራሲው ረጅም ስብከት አላስፈለገውም፤ ሕፃኑን በደረጃው ላይ ማስቀመጡ ብቻ በቃው።

በዚሁ መጽሐፍ ወይዘሮ ፓርዲግል የምትባል ሌላ በጎ አድራጊ ሴት አለች። ይህችኛዋ ቤት ተቀምጣ ደብዳቤ የምትጽፍ አይደለችም፤ ራስዋ ወደ ድኾች ቤት የምትሄድ ናት። ልጆችዋን እያስከተለች፥ የኪሳቸውንም ገንዘብ ለሩቅ ሕዝብ እያሰጠች ትዞራለች። አንድ ቀን ወደ ጡብ ሠሪዎች ጐጆ ገብታ፥ ማንም ሳይጠይቃት መጽሐፍ ከፍ ባለ ድምፅ አንብባ፥ ሥራዋን እንደ ፈጸመች ሰው ወጥታ ትሄዳለች። በዚያው ቤት እሳት አጠገብ አንዲት እናት ሕፃንዋን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር። ወይዘሮዋ ከወጣች በኋላ ወደ ኋላ የቀሩት ሁለት ወጣት ሴቶች ጠጋ ብለው ሲያዩ ሕፃኑ በእናቱ ጭን ላይ ሊሞት ነበር፤ ወዲያውም ሞተ። ከሁለቱ አንዲቱ አስቴር ሬሳውን ተቀብላ አስተካክላ አስተኛችው፤ በራስዋም መሐረብ ሸፈነችው። ከዚያ በኋላ የምትመጣው አጽናኝ እንደ ሟቹ እናት ድኻ የሆነች ጎረቤት ናት።

በእኛ አስተያየት ስለ በጎ አድራጎት ጉብኝት ከተጻፈው ሁሉ ከዚህ የበለጠ እውነተኛ ምዕራፍ ጥቂት ነው። ወይዘሮ ፓርዲግል ክፉ ሴት አይደለችም። በቤቱ ውስጥ ነበረች፤ ሕፃኑ በነበረበት ክፍል ቆማለች፤ ነገር ግን የመጣችው ልታይ ሳይሆን ልትሠራ ነበርና የሚሞተውን አላየችም። እነዚያ ሁለቱ ይዘውት የመጡት ሥራ አልነበራቸውም፤ ስለዚህ ለማየት ጊዜ አገኙ።

ብዙ አንባቢዎች ከዚህ መጽሐፍ የሚያወጡት ትምህርት አንድ ነው፤ እርሱም መጀመሪያ የቤትህን፥ ኋላ የሩቁን የሚል ነው። የእኛም ሰው «ከራስ በላይ ነፋስ» የሚለውን ተረት ጨምሮበት ነገሩን እዚህ ላይ ይዘጋዋል። ይህ ንባብ ግን ሁለት ጕድለት አለበት። አንደኛው ጕድለት ከወንጌል ጋር መጋጨቱ ነው። ባልንጀራዬ ማን ነው ተብሎ ለተጠየቀው ጥያቄ ጌታችን የመለሰው ምሳሌ የቤተ ሰቡን ሰው አላመሰገነም። ቤተኞቹ ካህንና ሌዋዊ አልፈው ሄዱ፤ የረዳው ባዕድ የሆነው ሳምራዊ ነው። ሁለተኛው ጕድለት መጽሐፉን ራሱን እስከ መጨረሻው አለማንበብ ነው። በዚያ ታሪክ ውስጥ ዉድኮርት የሚባል ወጣት ሐኪም አለ። እርሱም በመርከብ ሐኪምነት ወደ ህንድና ወደ ቻይና ባሕር ተጕዞ፥ መርከቡ በተሰበረ ጊዜ ብዙ ሰው ያዳነ ነው። ይኸው ሰው ወደ አገሩ ተመልሶ ያንን ጐዳና ጠራጊ ልጅ ጆን በሎንዶን መንገድ ላይ ያገኘዋል፤ ማረፊያ ይፈልግለታል፤ ልጁም ሲሞት ከአጠገቡ ሆኖ የጌታን ጸሎት ቃል በቃል ያስደግመዋል። ልጁ ጸሎቱን ሳይጨርስ ነፍሱ ትወጣለች። እንግዲህ ዲክንስ ሩቅ መሄድን አልነቀፈም። በሩቅ ያዳነውና በቅርብ ያዳነው እጅ አንድ ነው፤ ሙያ ያለው፥ ከሕመምተኛው አጠገብም የሚቈይ እጅ ነው።

ነገር ግን ደራሲውን አመስግነን ብቻ ብናልፍ የሐያሲን ሥራ አልሠራንም። በሺህ የሚቈጠር ገጽ ባለው መጽሐፍ ውስጥ ከቦሪዮቡላ ጋ አንድ ሰው እንኳ አይታይም፤ አንድ ሕፃን እንኳ አይናገርም። የዚያ ሥራ ፍጻሜ ሲነገረን፥ ያገሩ ንጉሥ ከንዳዱ የተረፉትን ሰፋሪዎች በአረቄ ሊለውጥ እንደ ፈለገ ተጽፎ በሣቅ ይታለፋል። ዲክንስ በ1841 በኒጄር ላይ የተደረገውንና በንዳድ ብዙ ሰው ያለቀበትን የእንግሊዞች ጉዞ በሚገባ ያውቅ ነበር፤ በ1848ም ስለ እርሱ በጋዜጣ ጽፎበታል። ቁጣውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ይሁን እንጂ አፍሪቃዊውን ሳያይ ስለ አፍሪቃ የምትጽፈውን ሴት የነቀፈ ደራሲ፥ እርሱም አፍሪቃዊውን ሳያይ ጽፏል። ወይዘሮ ጄሊቢ የሩቁን ሕፃን የምታነሣው ለመመስገኛ፥ ዲክንስም ለመሣቂያ ነው፤ ሕፃኑ ግን በሁለቱም ዘንድ ፊት የለውም።

አሁን ከልብ ወለድ ወደ ተደረገ ታሪክ እንለፍ። አልበርት ሽቫይትሰር በ1875 በአልዛስ የተወለደ፥ የነገረ መለኮት መምህርና ታላቅ የኦርጋን ተጫዋች ነበረ። በ1905፥ ሠላሳ ዓመት በሞላው ጊዜ፥ ወደ ማዕከላዊ አፍሪቃ ሄዶ ሕሙማንን ለማገልገል ቈረጠ። ነገር ግን ወዲያው አልተነሣም። መምህር የነበረው ሰው እንደገና ተማሪ ሆኖ ሕክምና ለመማር ዓመታት ፈጀ። ሚስቱ ሄሌነም የአስታማሚነት ሙያ ተማረች። በ1913 በጋቦን አገር በኦጎዌ ወንዝ ዳር ወዳለችው ላምባሬኔ ደረሱ። የመጀመሪያው የሕክምና ክፍል የዶሮ ቤት የነበረ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት በ1917 ተወስዶ በፈረንሳይ አገር ታሰረ፤ በ1924 ተመልሶ ሥራውን እንደገና ጀመረ። በ1965 በዚያው በላምባሬኔ ሞተ፤ የተቀበረውም በዚያው ነው።

ይህ ሰው የመጀመሪያ ዓመታቱን በ1921 ባሳተመው መጽሐፍ ተርኮታል። መጽሐፉ ለእኛ የሚጠቅምበት ዋና ምክንያት ደረቅነቱ ነው። ስለ ቍስል፥ ስለ እንቅልፍ በሽታ፥ ስለ መድኃኒት መጋዘን፥ ስለ ዕንጨት ንግድ፥ ስለ ጣሪያ ክዳን ይጽፋል። እንባ የሚያስፈስስ ገጽ ፍለጋ የመጣ አንባቢ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሕመምተኛውም ብቻውን የሚመጣ አልነበረም፤ ዘመዶቹ አብረው መጥተው፥ ምግቡን ራሳቸው እያበሰሉ ያስታምሙታል። ሕፃንን ከዘመዱ የማይለይ ሕክምና እንግዲህ በዚያ ነበረ።

መጽሐፉ ግን ነቀፌታ አላጣም፤ ነቀፌታውም እውነተኛ ነው። ሽቫይትሰር አፍሪቃዊውን ወንድሜ ይለዋል፤ ነገር ግን ራሱን ታላቅ ወንድም፥ እርሱን ታናሽ ወንድም አድርጎ ነው። ናይጄሪያዊው ደራሲ ቺኑዋ አቸቤ በ1975 በአሜሪካ በሰጠው ንግግር ይህንኑ አንሥቶ አጥብቆ ወቅሶታል። በታናሽነት የተቈጠረ ወንድም መቼ ያድጋል? ታላቅ ወንድም ነኝ ያለው ሰው ለእርሱ ምን ዓይነት ቤት ይሠራለታል? ለታናሽ የሚሠራ ቤት ለታናሽ ይበቃል ተብሎ ይቀራል። እኛ የአቸቤን ወቀሳ እንቀበላለን፤ የሐኪሙንም ሥራ አናጣጥልም። ሁለቱም በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛሉ፤ አንባቢም ሁለቱን ለይቶ መያዝ ይገባዋል።

ከላምባሬኔ ወዲህ ዘመኑ ተለወጠ። አውሮፕላን መንገዱን አሳጠረው፤ መንገዱ ሲያጥር ቈይታውም አብሮ አጠረ። ወደ ሩቅ አገር መሄድ የዕድሜ ልክ ስእለት መሆኑ ቀርቶ የሁለት ሳምንት ዕረፍት ሆነ። ከዚህም አንድ አዲስ የጽሑፍ ዓይነት ተወለደ፤ እርሱም ከጉዞ የተመለሰው ሰው ለምእመናኑ የሚያቀርበው ታሪክ ነው። አካሄዱ ሁልጊዜ አንድ ነው። አስቀድሞ አውሮፕላኑ ይነሣል፤ ቀጥሎ ሙቀቱና አቧራው ይነገራል፤ ከዚያ አንድ ስሙ የማይነገር ሕፃን ሮጦ መጥቶ የእንግዳውን እጅ ይይዛል፤ ፈገግታውም ይመሰገናል። በመጨረሻም ጸሓፊው፥ ከሰጠሁት ይልቅ የተቀበልኩት ይበልጣል ብሎ ይዘጋል።

ይህ የመጨረሻ ቃል የትሕትና ቃል መስሎ ይታያል። ነገር ግን ቃሉን እንደ ቃልነቱ እንመርምረው። የተቀበልከው ከሰጠኸው ከበለጠ፥ መጽዋቹ አንተ አይደለህም፤ ሕፃኑ ነው። እንዲያ ከሆነ ጽሑፉ የምስጋና መሆኑ ቀርቶ የዕዳ መዝገብ ሊሆን በተገባው ነበር። ባለ ዕዳ ግን የአበዳሪውን ስም ያውቃል። ስሙን፥ የእናቱን ስምና ከጓደኞቹ ጋር የሚናገረውን ቋንቋ የማያውቅ ሰው፥ ከዚህ ሕፃን ተቀበልሁ ቢል፥ የተቀበለው ከሕፃኑ ሳይሆን ከገዛ ስሜቱ ነው።

ይህ የጽሑፍ ልማድ ወዴት እንደሚያደርስ የሩቅ ዘመን ታሪክ መፈለግ አያስፈልግም። በጥር 12 ቀን 2010 በሃይቲ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ። በዚያው ወር መጨረሻ ከአሜሪካ የባፕቲስት አብያተ ክርስቲያናት የመጡ አሥር በጎ ፈቃደኞች 33 ሕፃናትን በአውቶቡስ ጭነው ወደ ዶሚኒካን ሪፑብሊክ ሊሻገሩ ሲሉ በድንበር ላይ ተያዙ። የሚገባውን የፈቃድ ወረቀት አልያዙም ነበር። ሕፃናቱን የሙት ልጆች ብለው ነበር፤ ሲመረመር ግን ወላጆቻቸው በሕይወት ያሉ ሆነው ተገኙ። ወላጆቹ ትምህርትና ምግብ ይገኛል ተብሎ ተነግሯቸው፥ በጭንቅ ቀን ልጆቻቸውን በገዛ እጃቸው የሰጡ ናቸው። ከአሥሩ ስምንቱ በየካቲት ተለቀቁ፤ መሪያቸው በግንቦት ሕገ ወጥ ጉዞ በማዘጋጀት ተፈርዶባት፥ የታሰረችው ጊዜ ተቈጥሮላት ወጣች።

የእነዚህን ሰዎች ልብ የሚመረምር እግዚአብሔር ነው። እኛ የምንመረምረው በልባቸው የነበረውን ታሪክ ነው። ያ ታሪክ ሕፃን፥ ፍርስራሽና አዳኝ ብቻ ያሉበት ነው፤ እናት ግን የለችበትም። እናት በሌለችበት ታሪክ የተመራ ሰው እናቲቱ ከፊቱ ቆማ ልጅዋን ስታስረክበው እንኳ፥ ይህች ሴት ልጅዋን የምትሰጠኝ ለምንድር ነው፤ እንዳትሰጥስ ምን ባደርግላት ይሻላል ብሎ ለመጠየቅ አልቻለም።

ነገሩ የአንድ አገር ብቻ አይደለም። በካምቦዲያ በ2005 የነበሩት 154 የእጓለ ማውታ ማሳደጊያ ቤቶች በ2010 ወደ 269 ደርሰዋል፤ በውስጣቸውም ካሉት ሕፃናት አራት እጅ ተከፍሎ ሦስቱ እጅ ያህሉ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት ያላቸው እንደ ሆኑ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት አስታውቋል። በእነዚያ አምስት ዓመታት የጨመረው ሞት አልነበረም፤ የጨመረው ጐብኚ ነው። ጐብኚው የሙት ልጅ ማየት ይፈልጋል፤ ባለቤቱም ቤት ይከፍታል፤ ቤቱ እንዲሞላ ወደ ድኻ መንደር ሰው ይላካል፤ ወላጅም ስለ ትምህርት ቤት ብሎ ልጁን ይሰጣል። ሕፃኑ ለእንግዳ መዘመርን ይማራል። በየሁለት ሳምንቱ አንዱን ይወድዳል፤ በየሁለት ሳምንቱም ይለየዋል። ቤቱ ደኅና ከሆነ ስጦታው ስለሚቀንስ፥ ቤቱን እንዳልተጠገነ ማቈየት ለአንዳንዱ ባለቤት ትርፍ ይሆነዋል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 2019 ስለ ሕፃናት መብት ባሳለፈው ውሳኔ፥ በማሳደጊያ ቤቶች የሚደረግ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት የሚያመጣውን ጕዳት መንግሥታት እንዲከላከሉ ያሳሰበው ስለዚህ ነው። አገራችንም በ2018 ሕፃናት ለውጭ አገር ሰዎች በጉዲፈቻ እንዳይሰጡ በሕግ መከልከልዋ የሚታወስ ነው።

ታዲያ ማንም ከቤቱ አይውጣ ማለታችን ነውን? እንዲህ ያለውን ቃል ካህን የነበረው ኢቫን ኢሊች በ1968 ወደ ሜክሲኮ ለመሄድ ለተዘጋጁ አሜሪካውያን ወጣቶች በምሬት ተናግሮታል። ለመማር፥ አገር ለማየት ሂዱ፤ ለመርዳት ብላችሁ ግን አትሂዱ ነው የነገሩ ሐሳብ። ንግግሩ ስለ ጸሓፊው ድፍረት የሚደነቅ ነው፤ ትዕቢትን በመግለጥም ረገድ የሚተካከለው ጥቂት ነው። እኛ ግን እስከ መጨረሻው አንከተለውም። በዚያ ምሳሌ ሳምራዊው መንገደኛ እንጂ ያገሩ ሰው አልነበረም፤ አልፎ ቢሄድ ኖሮ ቍስለኛው በሞተ ነበር። ይልቅስ ያደረገውን በዝርዝር እናስተውል። ዘይትና ወይን ይዞ ነበር፤ እንዴት እንደሚደረግም ያውቅ ነበር። በራሱ አህያ ጫነው። ሌሊቱን ከእርሱ ጋር አደረ። ከዚያም ሥራውን ላገሩ ባለ ሙያ፥ ለእንግዳ ማረፊያው ባለቤት፥ ከነወጪው አስረከበ፤ ሒሳቡንም ሊያወራርድ ተመልሶ እንደሚመጣ ቃል ሰጠ። ስለ ራሱ ለማንም እንደ ተናገረ አልተጻፈም።

በዚህ ሚዛን ቢመዘን የሚከብድ ሥራ በእኛው ከተማ አለ። ሐኪሟ ካትሪን ሃምሊን ከባልዋ ጋር በ1959 ከአውስትራሊያ ወደ አዲስ አበባ መጣች፤ በ2020 እስክትሞትም በዚሁ ኖረች። በወሊድ ምክንያት በፊስቱላ ለተጐዱ ሴቶች የተሠራውን ሆስፒታል ታሪክ በ2001 ባሳተመችው መጽሐፍ ጽፋዋለች። ከዚያ ታሪክ እኛ የምናደንቀው የማሚቱ ጋሼን ነገር ነው። ማሚቱ በሕመምተኝነት መጥታ፥ ትምህርት ቤት ሳትገባ፥ በሥራው ላይ ሠልጥና ሌሎችን የምትቀድድና የምትሰፋ፥ ሐኪሞችንም የምታስተምር ባለ ሙያ ሆነች። በዚህ መጽሐፍ ተረጂዋ ስም አላት፤ ታድጋለችም። ታናሽ ወንድም ተብሎ የቀረው የላምባሬኔ ሰው ያላገኘው ይህ ነው።

ከዚህም ወደ ኋላ ርቀን ብንሄድ ቤተ ክርስቲያናችን ለዚህ ነገር ያላት ምስክር ጥንታዊ ነው። ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ ከጢሮስ በኩል ከባሕር ማዶ የመጡ ሕፃናት ነበሩ፤ ያሳደገቻቸውም አክሱም ናት። እንግዳውን ሕፃን ተቀብላ ያሳደገች አገር፥ ያሳደገችው ሕፃን አድጎ ከአባ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተቀብሎ አባ ሰላማ ሆኖላታል። ወንጌልን ያስተማራት ቋንቋዋን በልጅነቱ የተማረ፥ እንጀራዋን የበላ፥ የሚኖረውም የሚሞተውም ከእርስዋ ጋር የሆነ ሰው ነው።

እንግዲህ ከጉዞ ተመልሰው ለሚጽፉ፥ የተጻፈውንም መርምረው ገንዘባቸውን ለሚሰጡ፥ በተለይም በየደብሩ ሆነው ምእመናንን ለሚመክሩ አባቶች የምናቀርበው ነገር አጭር ነው። ጽሑፉ በቀረበላችሁ ጊዜ እናቲቱን ፈልጉ፤ ካልተገኘች ወዴት እንደ ሄደች ጠይቁ። የሄደው ሰው ምን ሙያ ይዞ እንደ ሄደ፥ ያንኑ ሥራ የሚያውቅ ያገሩ ሰው ነበረ ወይስ አልነበረም ብላችሁ መርምሩ። ሥራውን ለማን አስረክቦ እንደ ተመለሰ ይነገራችሁ። የሕፃኑ ሥዕል ከጽሑፉ ጋር ወጥቶ እንደ ሆነ፥ የራሳችሁ ልጅ በተቸገረበት ቀን በዚያ አኳኋን ተሥሎ ለሌላ አገር ሰው ቢታይ ትወድዱ እንደ ሆነ ልባችሁን ጠይቁ። ለመሄጃ የተሰበሰበው ገንዘብ ለዚያች እናት ቢደርሳት ልጅዋን ከቤትዋ ሳታወጣ ልታሳድገው ትችል እንደ ነበረም አስሉ። ይህ ሁሉ ተመርምሮ መሄድ የሚገባው ሰው ቢገኝ፥ በጸሎት ይሸኝ፤ ስንቁም አይጕደልበት።

ወይዘሮ ፓርዲግል ከዚያች ጐጆ ስትወጣ ሥራዋን እንደ ጨረሰች ታምን ነበር። እግዚአብሔር አምላካችን ከእንዲህ ያለ እምነት ይሰውረን፤ በምንገባበት ቤት ሁሉ፥ የሩቅም ቢሆን የቅርብም ቢሆን፥ በእሳቱ አጠገብ የተቀመጠችውን እናትና የታቀፈችውን ሕፃን የምናይበትን ዐይን ይስጠን። አሜን።